የጠብቁኝ ልጆች

ስልኩ ጮኸ። ሳሎን ሙሉ ለቀስተኛ ስልኩን አየው እንጂ እጁን የዘረጋ አልነበረም። እንዴት ይዘርጋ? ዕድሜ ልካቸውን ስልክ ሲያነሡ የኖሩ ሴትዮ ሞተው፣ የእሳቸውን ስልክ ማን ደፍሮ ያንሣ! ጎረቤታቸው ባለ ሱቋ የቡናውን ፔርሙዝ እንዳዘነበለች ቀረች።

«ኧረ በፈጠራችሁ አንዳችሁ አንሡት!» አለች። «አንጀቴን በላው።»

ልጃቸው ከሶፋው ጥግ ተነሣች። መድኃኒት ቤት የምትሠራ፣ ሠላሳዎቹን ያጋመሰች፣ ለእናቷ አንድ የሆነች ሴት ናት። አባቷ ከሞተ ቆይቷል። እናቷ ካረፉ ጀምሮ ዓይኗ ደርቆ እንባ እምቢ ብሏታል።

«ሃሎ።»

«እትዬ ሃሎ! ምነው ድምፅሽ? ጉንፋን ነው እንዴ?» አለ አንድ ጎርናና ድምፅ።

«ልጃቸው ነኝ። እማዬ ከትናንት ወዲያ አረፈች።»

ከወዲያ በኩል አንድ ትልቅ ሰውዬ እንደ ሕፃን ሲንሰቀሰቅ ተሰማ። ልጅቱ ግራ ገባት፤ ሰውዬውን አይታው አታውቅም።

«ማን ልበል?» አለችው።

«የጠብቁኝ ልጅ ነኝ…» አለና ለቅሶው አላስጨርሰው ብሎ ዘጋው።

«ማነው?» አለች ባለ ሱቋ።

«ሌላ የጠብቁኝ ልጅ።»

«ወይ ጉድ! እኚህ ጠብቁኝ የሚባሉ ሰውዬ ሲወልዱ ነው እንዴ የኖሩት!» አለች፤ ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ሲላት ደግሞ አፏን በእጇ ያዘች። በር ላይ ወንበር ይደረድር የነበረው ጎማ ጠጋኝ፣ ጎሚስታው፣ ግን ሳቀ። ሳቁ መሀል ላይ ተሰብሮ ወደ ለቅሶ ዞረበትና ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እትዬ ሃሎ ስማቸው አይደለም፤ ሰፈሩ ያወጣላቸው ነው። ስልክ ቤት ኦፕሬተር ነበሩ። ሰው ሩቅ ለመደወል መጀመሪያ እሳቸውን በሚለምንበት ዘመን፣ ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ ደፍተው፣ ገመድ እየነቀሉ ገመድ እየሰኩ፣ «ይጠብቁ፣ አገናኝዎታለሁ» እያሉ ወጣትነታቸውን ጨረሱ። ስንቱን ከእናቱ፣ ስንቱን ከእጮኛው አገናኝተዋል! ራሳቸው ግን የሚደውሉለት አንድ ዘመድ አልነበራቸውም። እናታቸው የሞቱት ገና በልጅነታቸው ነው፤ ያሳደጓቸውም ባዳ ናቸው። ከዘር ማንዘራቸው የቀረቻቸው አንዲት ቃል ብቻ ነበረች። እናታቸው ሲያባብሏቸው፣ «ዝም በይ፣ የጠብቁኝ ልጅ አታለቅስም» ይሏቸው ነበር። ጠብቁኝ ቅድመ አያታቸው መሆኑን ያውቃሉ። ለምን እንዲያ እንደተባለ፣ እውነተኛ ስሙም ማን እንደነበር አያውቁም።

ጡረታ ሲወጡ፣ ሌላው እግሩን ዘርግቶ በሚያርፍበት ጊዜ፣ ያቺን ቃል ይዘው ዘመድ ፍለጋ ተነሡ። ያውም በስልክ! የማያውቁት ሰው ጋ ይደውላሉ። «ሃሎ፣ እንደምን ዋሉ? ይቅርታ፣ አስቸገርኩዎት። ከዘመዶችዎ መሀል ጠብቁኝ የሚባል ሰው ሰምተው ያውቃሉ?» ይላሉ። እኩሉ ይዘጋባቸዋል። አንዳንዱ ይቆጣል። አንዱ እንዲያውም፣ «እማማ፣ እኔ እንኳን የሞተው በቁሙ ያለው ዘመድ በዝቶብኛል፤ ከፈለጉ ልስጥዎት» ብሏቸው ተሳስቀው፣ በዚያው በየሳምንቱ የሚደውል ወዳጅ ሆኖ ቀርቷል። እትዬ ሃሎ ሰው ሲያወራ አያቋርጡም ነበር። ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ሰው ሲያወራ አለማቋረጥ ትልቅ ሙያ ነው።

ጎሚስታውን ያገኙት ግን በስልክ አይደለም። የተሳፈሩበት አውቶቡስ ጎማው ተንፍሶ፣ መንገድ ዳር ካለ ጎማ ቤት ቆመ። ጎማው ተጠግኖ፣ ሰው ተሳፍሮ አልቆ፣ ሾፌሩ ሞተር ሲያስነሣ፣ እጁ እስከ ክርኑ የጠቆረ ጎልማሳ ክሪኩን እየጎተተ ወጣና ምሳ ሊበሉ የተነሡ ጓደኞቹን፣ «ጠብቁኝ!» አላቸው።

«ስሙት! የጠብቁኝ ልጅ ጠብቁኝ አለ!» ብለው ሳቁበት።

እትዬ ሃሎ በመስኮት አንገታቸውን አወጡ። «የማን ልጅ አላችሁ?»

«የጠብቁኝ፣ እማማ። ምንጅላቴ ነው። በቅጽል ስሙ ሲቀልዱብኝ ነው።»

«ወራጅ አለ!» ብለው ጮኹ።

ወረዱ። አውቶቡሱ ጥሏቸው ሄደ፤ ዘንቢላቸውም አብሮ ሄደ። አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠው ከጎሚስታው ጋር ወደ ላይ ወደ ታች ሲቆጥሩ ዋሉ። ቆጥረው ሲጨርሱ፣ «በአንድ ትውልድ እቀድምሃለሁ፤ አክስትህ ነኝ» አሉት።

«እንግዲህ እርስዎ ካሉ…»

«እርስዎ የሚባለው ባዳ ነው። ዘመድ ነን፤ አንቺ በለኝ።»

አንቺ ለማለት ምላሱ ሲኮላተፍ ከረመ። ከተፈታ በኋላ ግን የፍለጋው እግር እሱ ሆነ። ሚስትም ልጅም የለውም፤ አባቱን ከቀበረ ወዲህ የዕረፍት ቀኑን በመተኛት ነበር የሚጨርሰው። አሁን በጠዋት ተነሥቶ፣ እጁን በኦሞ ፈትጎ፣ አሮጌ ፒክአፑን እያንኳኳ ይመጣል። እትዬ ሃሎ በስልክ ፍንጭ ያገኙበት ቦታ ሁሉ ይዟቸው ይሄዳል። መኪናዋ ጭቃ ስትገባ እሱ ይገፋል፣ እሳቸው መሪ ይይዛሉ፤ መንዳት አይችሉም እንጂ መያዙንስ ይይዙታል። አንዲት ልብስ ሰፊ አብረው አገኙ። አንድ መምህር አብረው አገኙ። ያንን በስልክ ያለቀሰውን ባለ መጋዝ፣ ደጁ ላይ ያገኙት አብረው ነው። አግኝተው ዝም አላሉም፤ ሁሉንም እርስ በርስ አገናኟቸው። ባለ መጋዙ ለልብስ ሰፊዋ ጣራ እንጨት ጫነ፤ ልብስ ሰፊዋ ለመምህሩ ሱሪ ሰፋች፤ መምህሩ እሷ ስትታመም ሆስፒታል ድረስ ሄደው ጋዜጣ አነበቡላት፤ ያውም የአየር ሁኔታውን ሳይቀር።

ልጅቱ በዚህ ሁሉ ደስተኛ አልነበረችም። አንድ ቀን እናቷ ጭቃ በጭቃ ሆነው ሲገቡ፣ «እማዬ፣ እኔ አልበቃሽም?» አለቻቸው።

እትዬ ሃሎ ጫማቸውን እያወለቁ ነበር። «አንቺማ ትበቂኛለሽ» አሉ። «እኔ ነኝ ላንቺ የማልበቃሽ። እስከ መቼ የምቆይ መስሎሽ ነው?»

ያኔ አኩርፋ መኝታ ቤቷ ገባች። አሁን ሶፋው ጥግ ላይ ተቀምጣ ያ አነጋገር ይመላለስባታል። ሌላም ነገር ይመላለስባታል። ሆስፒታል፣ መጨረሻው አካባቢ፣ እሷና ጎሚስታው በፈረቃ ያስታምሟቸው ነበር። አንድ ቀን እሱ ወጥቶ እሷ ስትገባ፣ እናቷ እጇን ይዘው፣ «መስመሩን እንዳትነቅዪው» አሏት። የጉሉኮሱን መስሏት፣ «አልነቅለውም እማዬ፣ አይዞሽ» አለቻቸው። ቱቦውን አስተካክላ አሳየቻቸው። እትዬ ሃሎ ፈገግ ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ከቀብር ሲመለሱ የደገፋት ጎሚስታው ነው። ለቀስተኛ ሲገባ ከጎኗ ቆሞ «እግዜር ይስጥልን» የሚለው እሱ ነው። ማን እንደሆነ ለሚጠይቀው ሁሉ፣ «ወንድሟ ነኝ፤ በጠብቁኝ በኩል» ይላል። እሷን ደግሞ፣ «አይዞሽ እህቴ፣ ትንሽ ቅመሺ» ይላታል። ልጅቱ ያ ትከሻ ከጎኗ ባይቆም የምትወድቅ ይመስላት ነበር። ብቻዬን ቀረሁ ብላ ስትፈራ የኖረችው ነገር መጥቶ፣ ብቻዋን አለመሆኗ ገረማት።

ባለ መጋዙ በደወለ ማግስት ልብስ ሰፊዋና መምህሩ ከሩቅ መጡ። ልብስ ሰፊዋ ወፍራም፣ እንባዋም ሳቋም ቅርብ የሆነ ሴት ናት፤ መርዶውን ስትሰማ ከስፌት መኪናዋ ብድግ ብላ ስለመጣች የልብስ መለኪያ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ነበር። መምህሩ ጂኦግራፊ ያስተምሩ የነበሩ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው። ለቅሶ ቤትም ጣታቸውን አንሥተው ነው የሚያወሩት።

ቡና ተቀዳ። ወሬው ወደ ሟቿ ሄደ።

«እኔ ልናገር» አሉ መምህሩ። «እኔ ከግድግዳ ጋር እየተነጋገርኩ የምሞት ሰው ነበርኩ። ደውላ 'ጠብቁኝ የሚባል ዘመድ አለዎት ወይ?' አለችኝ። ተቆጥቼ ዘጋሁባት። በማግስቱ ደግሞ ደወለች። 'ትናንት መስመሩ ተቋረጠ መሰለኝ' አለችኝ። ተቋረጠ! ጆሮዋ ላይ የጠረቀምኩት እኔ ሆኜ!»

ሰዉ ሳቀ፤ ልጅቱም ፈገግ አለች። መምህሩ ደስ አላቸው፤ አስተማሪ ክፍሉ ሲሰማለት እንደሚሆነው ሆኑ።

«ይሄ ጽናት የጠብቁኝ ነው» ብለው ቀጠሉ። «አንድ እግሩ እኮ አጭር ነበር። ከጓደኞቹ ጋር ገበያ ሲሄድ ከኋላ ከኋላ እየተጎተተ 'ጠብቁኝ!' ይላቸዋል። ማን ይጠብቀዋል? ግን አንድም ቀን ሳይደርስ አልቀረም። ስሙም በዚያው ወጣ።»

ልብስ ሰፊዋን ድንገት ሳል ያዛት። «መምህር፣ ቡናው ቀዘቀዘብዎት» አለች።

«የምን አጭር እግር?» አለ ጎሚስታው። ትሪ ይዞ ቆሞ እየሳቀ ነበር። «ተሳስተዋል መምህር! ጠብቁኝ እኮ ሯጭ ነው። ጥንቸል አያመልጠውም ነበር አሉ። የሚፈራው ጨለማ ነው። ሲመሽ ደጅ ሊወጣ ሲል ሚስቱንና ልጆቹን በሩ ላይ አቁሞ፣ 'ጠብቁኝ! ዓይናችሁን ከኔ እንዳትነቅሉ፣ ጠብቁኝ!' ይል ነበር። እኛ ቤት እስካሁን ፈሪ ሰው ሲታይ…»

እዚህ ላይ ቆመ። አንደኛው ጠብቁኝ ቁሙልኝ፣ አትቅደሙኝ ነው። ሌላኛው ጠብቁኝ ከክፉ ነገር ጠብቁኝ ነው። ቃሉ አንድ፣ ሰዎቹ ሁለት። ጎሚስታው ጎማ ከየት እንደሚተነፍስ ለማወቅ ጊዜ የሚፈጅበት ሰው አይደለም፤ ይሄም ጊዜ አልፈጀበትም። ፊቱ ላይ የነበረው ሳቅ ቀስ እያለ ሄደ።

መምህሩ ጣታቸውን አነሡ። «የናንተው ከወዴት ነው የሚባለው?»

«ከወንዙ ማዶ።»

«የኛና የእሷ ከተራራው ጀርባ ነው። ወንዙን ተሻግሮ አያውቅም፤ በዚያ እግሩ እንዴት ይሻገራል?» አሉ መምህሩ። ክፋት የለባቸውም፤ ካርታ ሲያርሙ ኖረው ነው። «ታዲያ ልጄ፣ እኛና አንተ ዘመድ አይደለንማ።»

ሹክሹክታው ከጥግ ተነሣ። «ታዲያ ማነው?» «ይሄን ሁሉ ጊዜ ወንድሟ ነኝ ሲል…» «ሴትዮዋ ብቻቸውን፣ ቤቱ የራሳቸው። እንግዲህ ሰው አይታመንም።» ጎሚስታው ሁሉንም ሰማ። ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ወደ ልጅቱ መጣና ከፊቷ ጎንበስ አለ።

«እግዜር ያጽናዎት» አላት።

ያጽናዎት! ትናንት «አይዞሽ እህቴ» ሲላት የዋለ ሰው! እሱ መልስ ሳይጠብቅ ወጣና ደጅ፣ የሰፈሩ ሰው ለአንድ አፍታ አረፍ ብሎ ከሚሄድበት አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠ። የሞቱበትን ሴትዮ ማልቀስ እንኳ የማይገባው ይመስል አንገቱን ደፋ። እናቷ የሄዱ ዕለት ያልተሰማት ብርድ አሁን ገና ልጅቱን ተሰማት።

ልብስ ሰፊዋ ክንዷን ይዛ ወደ ኩሽና ጎተተቻት። በሩን በጀርባዋ ዘጋችው።

«ታውቅ ነበር» አለቻት።

«ማን? እሱ?»

«እሱማ ምኑን ያውቃል የኔ እናት፣ ሲያወራ አላየሽውም? እናትሽ ናት የምታውቀው!» የሜትሩን ጫፍ ጣቷ ላይ ትጠቀልል ጀመር። «አባቴ የእናቷን ስም አውቆ ስለዚያ እግር ሲያጫውታት፣ ጎሚስታው ደጅ መኪናውን ያጥብ ነበር። እናትሽ ክው ብላ ቀረች። 'የሱ ጠብቁኝ ሌላ ሰው ነው' አለችኝ። 'ታዲያ ንገሪው እንጂ!' ብላት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? 'ስልክ ቤት ሳለሁ መስመር እየተሳሳተብኝ፣ አንዱን ፈልጎ የደወለውን ከሌላው ጋ አገናኘው ነበር። ብዙው ተሳስተዋል ተባብሎ ይዘጋል። አንዳንዱ ግን ጨዋታ ይጀምራል። እኔ ሰው የሚጫወትበትን መስመር ነቅዬ አላውቅም' አለችኝ።»

ልጅቱ የእቃ ማጠቢያውን ጠርዝ ያዘች።

«'ብነግረው ይሉኝታ ይዞት ይቀራል፤ ለልጄ ደግሞ እንደሱ ያለ ወንድም ከየት አመጣላታለሁ?' አለች። አስማለችኝ። እኔን አስማላ መምህሩን ረሳቻቸው እንጂ!» ልብስ ሰፊዋ ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ መጣባት።

ልጅቱ ሁሉም ነገር አሁን ታያት። ሰው የማያቋርጡት እናቷ፣ ጎሚስታው ስለ ጠብቁኝ ማውራት ሲጀምር ብቻ ያቋርጡት ነበር። «እስቲ ያንን መስኮት ዝጋልኝ» ይሉታል። «እስቲ ሻይ ቅዳ፣ የፈሪ ልጅ» ይሉታል። እርጅና ነው ብላ ታልፈው ነበር። መስመሩን እንዳትነቅዪው! እሷ ደግሞ ቱቦ ስታስተካክል! ያኔ ደርቆ የከረመው ዓይኗ ተከፈተ፤ ልብስ ሰፊዋ ደረት ላይ ተደፍታ እንደ ልቧ አለቀሰች።

ስልኩ ጮኸ።

ፊቷን በክንዷ ጠርጋ ወጣች። ማንም እስኪያነሣው አልጠበቀችም።

«ሃሎ! ልጅቱ ነሽ?» አሉ አንዲት አሮጊት። እትዬ ሃሎና ጎሚስታው ባለፈው ዓመት ከአንድ ሩቅ መንደር ያገኟቸው፣ ጆሯቸው የደከመ፣ ስለዚህም የሚጮኹ ሴትዮ ናቸው። ጩኸታቸው ሳሎኑ ሙሉ ይሰማል። «ወይኔ፣ ፈልጋ ያገኘችኝን! ወይኔ፣ እኔ ቀርቼ እሷ! አንቺ እያለቀስሽ ድምፅሽ አልሰማ አለኝ። ብቻሽን ነሽ? ከዘመድ ማን አለ አጠገብሽ? ዘመድ ስጪኝ!»

መምህሩ ሊነሡ የወንበሩን እጀታ ተደገፉ። በመስኮቱ ግን ጎሚስታው ከአግዳሚው ተነሥቶ የፒክአፑን ቁልፍ ከኪሱ ሲያወጣ ታየ።

«አለ» አለች ልጅቱ። «ወንድሜ አለ። ይጠብቁ፣ አገናኝዎታለሁ።»

ባለ ሱቋ ትንፋሿን ዋጠች። ድምፁ ቁርጥ የእትዬ ሃሎ ነበር።

የእትዬ ሃሎ ስልክ ገመዱ ረጅም ነው። ኩሽና ውስጥ እየሠሩ እንዲያወሩበት፣ መሀሉን በጥቁር ፕላስተር አሥሮ የቀጠለላቸው ጎሚስታው ራሱ ነው። ልጅቱ ስልኩን እንደያዘች ወደ በሩ ሄደች። ገመዱ በለቀስተኛው ጉልበት ላይ እየተሳበ ተከተላት። ባለ ሱቋ ፔርሙዟን አነሣች፤ ሲያንሾካሹኩ የነበሩት ትከሻቸውን ዝቅ አደረጉ፤ መምህሩም ተመልሰው ተቀምጠው እግራቸውን ሰበሰቡላት። ደፉ ላይ ስትደርስ ገመዱ አለቀ። ጎሚስታው የመኪናዋን በር ከፍቷል።

«ጠብቀኝ!» ብላ ጮኸች።

ባለበት ቆመ።

«ስልክ ነው። ዘመድ ስጪኝ ብለዋል። ገመዱ ከዚህ አያልፍም፤ ና።»

«እርስዎም ሰምተዋል እኮ» አለ መሬት መሬቱን እያየ። «እኔ አይደለሁም።»

«እማዬ ታውቅ ነበር» አለችው። «ድሮ ነው ያወቀችው። አውቃ ነው ወንድሜ ያደረገችህ። ና እንጂ፣ ሴትዮዋ እየጠበቁ ነው!»

ጎሚስታው የመኪናዋን በር ገፋ አድርጎ ዘጋው። ደፉ ጋ ሲደርስ፣ ከቀብሩ ወዲህ ጎማ ያልነካውን ንጹሕ እጁን እንደ ልማዱ በሱሪው ጠረገ። ስልኩን ተቀበላት።

«ሃሎ» አለ። «አዎ እማማ… አለሁ። ወንድሟ ነኝ።»

አሮጊቷ ከወዲያ ይጮኻሉ፤ እሱ ከወዲህ ከንፈሩን ነክሶ ራሱን ይነቀንቃል፤ ገመዱ የተቀጠለበት ላይ ሊለያይ ተወጠረ። ስልኩን ከአፉ ራቅ አድርጎ ወደ ልጅቱ ዞረ።

«ገመዱን ያዢልኝ» አላት።

ያዘችለት።